«ጎበዝ፣ በርታ» ብቻውን አስተያየት አይደለም

የእህቴ ልጅ ቀን ቀን በሒሳብ ሠራተኛነት እየዋለ፣ ማታ ማታ ለብቻው የሠራውን የገበጣ ጨዋታ በሞባይሉ ባሳየኝ ጊዜ «ጎበዝ፣ በርታ!» ብዬ ስልኩን መለስኩለት። አንድ ጓደኛው ደግሞ «ይሄ ምኑ ጨዋታ ነው?» አለው። ልጁ ሥራውን ለወራት ዘግቶ አስቀመጠው። ምክንያቱን ስጠይቀው የሰጠኝ መልስ እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል። «ጋሼ፣ እርስዎ አሞገሱኝ፣ እሱ ሰደበኝ፤ ሁለታችሁም ግን ምኑን እንደማስተካክል አልነገራችሁኝም።»

እውነቱን ነው። ጠጠሮቹ ወደየጉድጓዱ ሲታደሉ እጅግ ከመፍጠናቸው የተነሳ የመጨረሻዋ የት እንዳረፈች ሳላይ ተራዬ ያልፍ ነበር። ገበጣ እየተጫወትኩ ያደግሁ ሰው በመሆኔ ይህን በመጀመሪያው ደቂቃ አውቄዋለሁ። ይሉኝታ ይዞኝ ግን ዝም አልኩ።

ለመሆኑ ጌም በትርፍ ጊዜው ለሚሠራ ሰው እንዴት ያለ አስተያየት ይጠቅመዋል?

በሕግ ትምህርት ቤት ከተማርናቸው ነገሮች አንዱ፣ ምስክር የሚናገረው ያየውንና የሰማውን እንጂ ፍርዱን አለመሆኑን ነው። ተጫዋችም ምስክር ነው። «አሰልቺ ነው» ማለት ፍርድ ነው። «ሁለተኛው ደረጃ ላይ በሩን የሚከፍተውን ቁልፍ ስፈልግ አሥር ደቂቃ ጠፋብኝና ተውኩት» ማለት ግን ምስክርነት ነው። ጊዜና ቦታ ያልተጠቀሰበት ክስ ተከሳሹን መከላከያ እንደሚያሳጣው ሁሉ፣ የትና መቼ እንደሆነ የማይናገር ነቀፋም ሠሪውን መላ ያሳጣዋል።

ምስጋናም ቢሆን እንዲሁ ነው። «የዝላዩ ድምፅ ደስ ይላል» የተባለ ሰው ሲያሻሽል ያን ድምፅ አይነካውም። «ሁሉም ጥሩ ነው» የተባለ ሰው ግን መልካሙን ክፍል ሳያውቅ ሊያጠፋው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው ሉደም ዴር የተባለው ውድድር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ተወዳዳሪው በ48 ሰዓት ውስጥ ለብቻው ጨዋታ ሠርቶ ያቀርብ ነበር፤ ዳኞቹም ራሳቸው ተወዳዳሪዎቹ ነበሩ። ነጥብ የሚሰጠው በጅምላ ብቻ ሳይሆን ለፈጠራው፣ ለአዝናኝነቱ፣ ለሥዕሉና ለድምፁም ለየብቻ ነበር። የሌሎችን ሥራ አብዝቶ የገመገመ ሰው የራሱም ሥራ ይበልጥ እንዲታይለት ይደረግ ነበር። ሥዕሉ ደካማ ሆኖ ሐሳቡ ግሩም ሊሆን ስለሚችል ለያይቶ መመዘን ፍትሕ ነው።

አንድ ሰው በማታ ጊዜው የሠራውን፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ባለሙያዎች ለዓመታት ከደከሙበት ጋር ማወዳደርም ፍትሕ አይደለም። ሴሌስት የተባለው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2015 ማዲ ቶርሰንና ኖኤል ቤሪ በአራት ቀን የሠሩት ትንሽ ነገር ነበር፤ ሰፍቶና ተሟልቶ የወጣው በ2018 ነው። ትንሹን ያየ ሰው ሊጠይቅ የሚገባው «ከዚህ ውስጥ ማደግ የሚችለው የቱ ነው?» ብሎ ነው።

ሠሪው ሌላ ጨዋታ እንዲሠራ ማዘዝም የአስተያየት ሰጪ ሥራ አይደለም። ገበጣ ለሠራ ሰው «የመኪና እሽቅድምድም ቢሆን ይሻል ነበር» ማለት ምን ይፈይድለታል? ይልቅ «ምን ለማድረግ ፈልገህ ነበር?» ብሎ መጠየቅና በዚያ መመዘን ይሻላል። መፍትሔ ካለን በሐሳብነት እናቅርበው፤ ወሳኙ እሱ ነው።

ሠሪውም ድርሻ አለው። ሰው ሲጫወትለት «እዚያ ጋ ተጫን» እያለ ባይመራና ዝም ብሎ ቢመለከት፣ ይሉኝታ የደበቀውን እጅ ይነግረዋል። እኔም ያኔ አፌ ዝም ቢልም ጣቴ ሦስት ጊዜ ተሳስቶ ነበር።

በመጨረሻ የጠጠሮቹን ነገር ነገርኩት። በማግስቱ ፍጥነታቸውን ቀንሶ አመጣልኝ፤ ተጫወትንና አሸነፈኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የጎደለው፤ እሱንም የያዝኩት እኔ ነበርኩ።