ከመርፌው በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ

ደም ሊለግስ የመጣ ሰው ክንዱን ከመዘርጋቱ አስቀድሞ ከነርሷ ፊት ተቀምጦ ይጠየቃል፤ በቅርቡ ታምሞ፣ ጥርሱን አስነቅሎ ወይም ተነቅሶ እንደ ሆነ፣ ለራሱ ደም ተሰጥቶት ያውቅ እንደ ሆነ፣ ጥንቃቄ የጎደለው ሩካቤ ፈጽሞ እንደ ሆነ። ብዙዎች ይህን እንደ ተራ የቅጽ ሥርዓት ቈጥረው «ደሙ ኋላ ይመረመር የለምን?» ይላሉ። እኔ ግን ከምርመራው ሁሉ የሚቀድመው ይህ ነው እላለሁ።

በአገራችን የሚለገስ ደም ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ እንዲሁም ቫይረስ ባይሆንም በደም ለሚተላለፈው ቂጥኝ ይመረመራል። ከረጢቱን ከሚሞላው ከዚያው ደም ጥቂቱ ወደ ትንንሽ ብልቃጦች ይቀዳል፤ በከረጢቱ ያለው ቍጥር በብልቃጦቹም ላይ ይለጠፋል፤ የእነርሱ ውጤት እስኪታወቅ ድረስ ከረጢቱ ለብቻው ተለይቶ ይቈያል። ነገር ግን በኤች አይ ቪና በሄፓታይተስ ሲ ምርመራ በብዛት የሚፈለገው ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያዘጋጀው ፀረ እንግዳ አካል ነውና፣ ይህም ለኤች አይ ቪ ሦስት ሳምንት ያህል፣ ለሄፓታይተስ ሲ ሁለት ወር ገደማ ስለሚፈጅ፣ በእነዚያ ቀናት ቫይረሱ በደሙ ውስጥ እየተመላለሰ ብልቃጡ «ንጹሕ ነው» ብሎ ይመሰክራል። የጤና ባለሙያዎች ዊንዶ ፔሬድ የሚሉት ይህንን ነው። የቫይረሱን ዘረ መል የሚፈልገው ውድ ምርመራ እንኳ ጊዜውን ያሳጥረዋል እንጂ አያጠፋውም። በዚያ ክፍተት ታማሚውን የሚጠብቀው የለጋሹ ኅሊና ብቻ ነው።

ይህ ስብከት ሳይሆን በተግባር የታየ ነገር ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ሃርቪ አልተርና ባልደረቦቹ የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሕሙማን ሲከታተሉ፣ በገንዘብ የተገዛ ደም በሚሰጥበት ዘመን 30 በመቶ ያህሉ በጉበት ደዌ ይያዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ የተገዛው ደም ቀርቶ የበጎ ፈቃደኞች ደም ብቻ ሲሰጥ፣ ገና ጀማሪ የነበረው የሄፓታይተስ ቢ ምርመራም ሲታከልበት፣ ቍጥሩ ወደ 10 በመቶ ገደማ ወረደ። የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1989 ነውና፣ ሕሙማኑ ስሙ እንኳ ካልታወቀ ጠላት በብዛት የዳኑት ደሙን የሚሰጠው ሰው በመለወጡ ነበር።

በእኛም አገር ቀድሞ ደም ሲያስፈልግ ዘመድ ተጠርቶ በምትክ ይሰጥ ነበር። እኅቱ በወሊድ ደም እየፈሰሳት ተኝታ ሳለች፣ አማቾቹና አጎቶቹ በተሰበሰቡበት ኮሪደር «እኔ ልሰጥ አይገባኝም» ብሎ ለመናገር የሚደፍር ወንድም ማን ነው? በፈቃዱ የመጣ ለጋሽ ግን በፈቃዱ ሊመለስ ይችላል።

እውነት ግን ከለጋሹ ብቻ አይጠበቅም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1996 በእስራኤል ቤተ እስራኤላውያን የለገሱት ደም፣ በኤች አይ ቪ ፍርሃት ሳቢያ፣ ሳይነገራቸው በምሥጢር ይጣል እንደ ነበር በጋዜጣ ሲገለጥ፣ ብዙ ሺህ ሰዎች በኢየሩሳሌም አደባባይ ወጥተው ጮኹ። ሰውን በትውልዱ መመዘን የሚጎዳው የተናቀውን ብቻ አይደለም፤ የተታለለ ለጋሽ ነገ ለሚጠየቀው ጥያቄ እውነቱን ለመመለስ ምን ምክንያት ይኖረዋል? ደዌ የተገኘበት ለጋሽ ለብቻው ተጠርቶ፣ ውጤቱ በምሥጢር ተነግሮት፣ ወደ ሕክምና ሊመራ ይገባዋል፤ ሄፓታይተስ ሲ ዛሬ ብዙውን ጊዜ በ12 ሳምንት ክኒን የሚድን ነውና፣ ሌላውን ሊያድን መጥቶ የራሱን ሕይወት የሚያተርፍ ሰው አለ።