አነስተኛ አውሮፕላን የገዛ ሰው ምን ዓይነት መድን ይግባ?

በእንግሊዝ አገር አራትና አምስት ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው አንዲት ቀላል አውሮፕላን በጋራ መግዛታቸው የተለመደ ነው። ይሁንና በዋጋው ላይ በርትቶ የተከራከረ ገዢ፣ የመድን ውሉን ሳያነብ ከፈረመ በግዢው ያተረፈውን በአንድ ቀን አደጋ ሊያጣው ይችላል።

በአውሮፓ የዚህ መድን መነሻ የአውሮፓ ኅብረት በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጣውና በሚያዝያ 2005 ሥራ ላይ የዋለው ደንብ ቁጥር 785 ነው። እንግሊዝም ከኅብረቱ ስትወጣ ደንቡን በራሷ ሕግ ውስጥ አስቀርታዋለች። ደንቡ ግዴታ የሚያደርገው በአገራችን ባለመኪና ሁሉ የሚያውቀውን የሦስተኛ ወገን መድንና የተሳፋሪዎችን መድን ነው። መጠኑም የሚለካው የዓለም የገንዘብ ድርጅት መለኪያ በሆነው ኤስ.ዲ.አር. ሲሆን፣ አንዱ ኤስ.ዲ.አር. ከአንድ የአሜሪካ ዶላር ይበልጣል።

ለሦስተኛ ወገን የሚገባው ዝቅተኛ የመድን መጠን እንደ አውሮፕላኑ ክብደት ይለያያል፦

- ከ500 ኪሎ ግራም በታች፦ 750 ሺህ ኤስ.ዲ.አር.
- ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ግራም፦ 1.5 ሚሊዮን
- ከ1,000 እስከ 2,700 ኪሎ ግራም፦ 3 ሚሊዮን

ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ ደግሞ 250 ሺህ ኤስ.ዲ.አር. ተወስኗል። ከ2,700 ኪሎ ግራም የማይበልጡና ለንግድ የማይበሩ አውሮፕላኖችን በተመለከተ አገሮች ይህን እስከ 100 ሺህ ድረስ ዝቅ ማድረግ ይችላሉ።

ክብደቱ የሚወሰደው በሰነድ ላይ ከሰፈረው ከፍተኛ የመነሻ ክብደት እንጂ በዕለቱ ከተጫነው አይደለም። እንግሊዝ ማይክሮላይት ለሚባሉት ባለሁለት መቀመጫ አውሮፕላኖች የክብደት ጣሪያውን በ2021 እ.ኤ.አ. ወደ 600 ኪሎ ግራም ከፍ አድርጋለች። በመሆኑም የቀድሞዋን ቀላል ማይክሮላይት ሸጦ ባለ600 ኪሎዋን የገዛ ሰው፣ አውሮፕላኗ ያው ማይክሮላይት ብትባልም፣ ግዴታው በእጥፍ ያድጋል።

የአውሮፕላኑን አካል መድን መግባት ግን ደንቡ አያስገድድም፤ ምርጫው የባለቤቱ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። እንበልና 40 ሺህ ፓውንድ የምታወጣ አውሮፕላን አረቦን ለመቆጠብ ሲባል በ20 ሺህ ፓውንድ ዋስትና ተገባላት። ተጎድታ ጥገናዋ 18 ሺህ ፓውንድ ቢጠይቅ፣ መድን ድርጅቱ ከማስጠገን ይልቅ ሙሉ በሙሉ እንደጠፋች ቆጥሮ የተዋዋለውን 20 ሺህ መክፈልና ስብርባሪዋን ወስዶ መሸጥ ሊያዋጣው ይችላል። ባለቤቱም ልትጠገን የምትችለውን አውሮፕላን አጥቶ፣ ከራሱ የሚሸፍነው ተቀናሽ ተነስቶለት፣ ከግማሽ ዋጋዋ ያነሰ ይዞ ይመለሳል።

ለካሣ መከልከል ዋናው ምክንያት የሚሆነው ከውሉ ውጭ መብረር ነው። ውሉ ማን እንደሚያበር፣ ምን ያህል የበረራ ሰዓት እንዳለው፣ ፈቃዱና የጤና ማረጋገጫው የጸና ስለመሆኑ ይደነግጋል። በጋራ የተገዛች ከሆነች የሁሉም አብራሪዎች ስም መመዝገብ አለበት። ለግል በረራ መድን ገብቶ መንገደኛ በክፍያ ያሳፈረ ባለቤት፣ አደጋ ቢደርስ ኪሱን ማየቱ አይቀርም። ከወዳጅ ጋር የነዳጅ ወጪ መጋራትና ለትርፍ ማጓጓዝ በሕግም ሆነ በውል የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

አረቦኑን በአግባቡ መቀነስ የሚፈልግ ሌላ መንገድ አለው። አውሮፕላኗ ለወራት የማትነሳ ከሆነ የመሬት ላይ መድን ብቻ፣ ማለትም ለእሳት፣ ለስርቆትና ለዐውሎ ነፋስ፣ መግባት ይቻላል። ለመብረር ሲታሰብ ግን ሙሉው ዋስትና መታደስ ይኖርበታል።

ስለዚህ ደላላውም ሆነ ገዢው ከዋጋው ቀጥሎ ሊጠይቃቸው የሚገቡት አራት ጥያቄዎች ናቸው፦ በሰነድ የሰፈረው ክብደት ስንት ነው? ዋስትናው የወቅቱን የገበያ ዋጋ ያህላል? እነማን ያበሯታል? ለምን አገልግሎት ትውላለች? መልሱ ከውሉ ጋር ካልተስማማ ማስተካከያው ከበረራ በፊት እንጂ ከአደጋ በኋላ አይሆንም። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።