ተጨማሪ መረጃ፦ ጊዜያዊ ሊፍት ሲተከል

በሹም አቦም ሆነ በሌላ የባሕር ዳር ሰፈር ፎቅ ሲሠራ፣ ሰውና ዕቃ የሚያመላልሰው ጊዜያዊ ሊፍት ይበልጥ የሚያሰጋው ሥራ ላይ እያለ ሳይሆን ሲተከልና ሲነቀል ነው። ያኔ መከላከያዎቹ ገና አልተሟሉም። ሠራተኞች ካቢኑ ጣሪያ ላይ ቆመው 1.5 ሜትር ገደማ የሚረዝሙ የምሰሶ ክፍሎችን በብሎን እየቀጠሉ ይወጣሉ፤ ከላይ ማቆሚያው አልተገጠመም፤ ምሰሶውም አምራቹ ከወሰነው ቁመት በላይ ከግድግዳ ጋር ሳይታሰር ከሄደ ሊዘም ይችላል። ሥሩም ቢሆን ያሳስባል፦ በጣና ዙሪያ በብዛት የሚገኘው ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሊፍቱ ማረፍ ያለበት ተሰልቶ በተሞላ ኮንክሪት ላይ ነው፤ የተደለደለ ጠጠር አይበቃም።

ሊፍቱ ተፈትሿል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ «ሲሚንቶ ጭነን ሞክረነዋል፣ ችሎታል» የሚል መልስ ይሰማል። ይህ ግን የሞተሩን ጉልበት እንጂ ካቢኑ ቢወድቅ አንቆ የሚይዘውን ፍሬን አያሳይም። ኤሊሻ ኦቲስ እ.ኤ.አ. በ1854 ኒውዮርክ ላይ ገመዱን አስቆርጦ ያሳየው የዚህን ዓይነት ፍሬን ነበር። ዛሬም ፍሬኑ የሚፈተሸው ሰው የሌለበትን ካቢን ከውጭ በመቆጣጠሪያ ለቅቆ ነው። ፍተሻው ሥራ ያጓትታል፣ ወጪም አለው፤ እውነት ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ኢስታንቡል ውስጥ አንድ የግንባታ ሊፍት ወድቆ 10 ሠራተኞች ሞተዋል። በአገራችንም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። የፍሬኑን ፍተሻ ያላለፈ ሊፍት ላይ ሰው መሳፈር የለበትም።