የሴይስሚክ ትሬሶችን በትእዛዝ መስመር ወደ ምስል መለወጥ፦ የቀለም ገደብና የርቀት ዘንግ

በምድር ቅርፊት ጥናት የሚሰበሰብ የሞገድ መረጃ ለዓይን የሚቀርበው በአብዛኛው በምስል መልክ ነው። አንድ መቀበያ የመዘገበው የንዝረት ቁጥሮች ተርታ፣ ማለትም አንድ ትሬስ፣ በምስሉ ላይ አንድ ቀጥ ያለ ዓምድ ይሆናል። ዓምዱ ወደ ታች ሲወርድ ጊዜ ይጨምራል፤ የንዝረቱ መጠን ደግሞ በጥቁረትና በንጣት ወይም በቀለም ይገለጣል። ትሬሶቹ ጥቂት ሲሆኑ በሚወዛወዝ መስመር መሣል ይመረጣል። ከጥቂት መቶዎች ሲያልፉ ግን መስመሮቹ እርስ በርስ ስለሚደራረቡ ወደ ምስል መሄድ ግድ ይላል።

ለዚህ ሥራ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያገለግለው ሴይስሚክ ዩኒክስ የተባለው ነፃ የፕሮግራሞች ስብስብ ነው። ስብስቡ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ የዳበረው በኮሎራዶ ስኩል ኦቭ ማይንስ ነው። እያንዳንዱ ትንሽ ፕሮግራም አንድ ተግባር ብቻ ይፈጽማል፤ የአንዱ ውጤት በቧንቧ ምልክት ለሌላው ግብዓት ሆኖ ይተላለፋል። ምስሉን በስክሪን ላይ የሚያሳየው ሱኤክስኢሜጅ፣ ለኅትመት በፖስትስክሪፕት የሚያወጣው ደግሞ ሱፒኤስኢሜጅ ይባላል (የትእዛዞቹና የመለኪያዎቹ ስሞች እዚህ በንባባቸው ተጽፈዋል)። የዚህ አሠራር ትልቁ ጥቅም ምስሉ የተሠራበት መንገድ ሁሉ በአንድ የትእዛዝ ፋይል ተጽፎ መቅረቱ ነው። አደጋውም ከዚያው የሚመነጭ ነው፤ ተጠቃሚው ዋጋ ያልሰጠውን መለኪያ ሁሉ ፕሮግራሙ በራሱ ነባሪ ዋጋ ሞልቶ፣ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ፣ የሚያምር ምስል ያወጣል።

ከነባሪዎቹ መጀመሪያ የሚታየው የቀለም ገደብ ነው። ሱኤክስኢሜጅ ፐርክ የሚባለውን መለኪያ 100 አድርጎ ይጀምራል፤ ይህም በፋይሉ ውስጥ ያለው ትልቁ ፍጹማዊ ዋጋ የቀለሙ ጫፍ ይሆናል ማለት ነው። ከፍንዳታው አጠገብ ያለው ትሬስ ከ200 ኪሎ ሜትር ማዶ ካለው በሺህ እጥፍ የሚበልጥ አምፕሊቲውድ ቢኖረው፣ በ256 የግራጫ ደረጃዎች ውስጥ የሩቁ ሞገድ ድርሻ ከአንድ ደረጃ እንኳ ያንሳል። ሞገዱ በመረጃው ውስጥ አለ፤ በምስሉ ላይ ግን የለም። ፐርክን ወደ 99 ወይም 98 ማውረድ ጥቂት ናሙናዎች በቀለሙ ጫፍ ላይ እንዲቀሩ አድርጎ የተቀረውን ይገልጣል።

ሆኖም ፐርክ ለማየት እንጂ ለማወዳደር አይሆንም። ገደቡ ከእያንዳንዱ ፋይል የሚሰላ ስለሆነ፣ ከማጣሪያ በፊትና በኋላ ያሉ ሁለት ምስሎች በአንድ ዓይነት ፐርክ ቢሣሉ እንኳ ገደባቸው ይለያያል። ማጣሪያው ጩኸቱንም ምልክቱንም በእኩል ቢቀንስ ሁለተኛው ምስል ከፊተኛው ምንም ሳይለይ ይወጣል፤ አጥኚውም «ምልክቱ አልተነካም» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ለማወዳደር የሚያገለግለው ክሊፕ ነው፤ በእርሱ አንድ ቁጥር ለሁለቱም ምስሎች ይሰጣል። ቁጥሩን ለማግኘት የመጀመሪያውን ምስል በፐርክ ሠርቶ ፕሮግራሙ የተጠቀመበትን ገደብ ማንበብ ይበቃል። በሱገይን አማካይነት የሚደረገው ራስ ገዝ ማጉላትም ከዚህ ጋር ይታያል፤ ደካማ ደራሾችን ለመለየት ጠቃሚ ቢሆንም የአምፕሊቲውድን ንጽጽር ስለሚያጠፋ፣ ስለ ሞገድ ጥንካሬ ለሚቀርብ ክርክር ማስረጃ መሆን አይችልም።

ከቀለሙ ይልቅ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ የሚያልፈው ግን የርቀት ዘንግ ነው። በአገራችን የተደረገው የኢግል ፕሮጀክት ለዚህ ጥሩ መነሻ ይሆናል። በጃንዩዋሪ 2003 እ.ኤ.አ. በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ርዝመትና እርሱን አቋርጠው በሚያልፉ፣ እያንዳንዳቸው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆኑ መስመሮች ከአንድ ሺህ በላይ መቀበያዎች ተተክለው በቁጥጥር ሥር የተደረጉ ፍንዳታዎች ተመዝግበዋል። እንዲህ ባለ መስመር ላይ መቀበያዎች በእኩል ርቀት ሊተከሉ አይችሉም። ገደል፣ ወንዝና ሐይቅ ያስገድዳሉ፤ አንዳንዱ መሣሪያም ሳይመዘግብ ይቀራል።

ምስል ግን በባሕርዩ የእኩል ዓምዶች ሠንጠረዥ ነው። በሱኤክስኢሜጅ ኪ የተባለውን መለኪያ «ኦፍሴት» ብለን ስንሰጠው ዘንጉ ላይ የኪሎ ሜትር ቁጥሮች ስለሚወጡ፣ እያንዳንዱ ትሬስ በትክክለኛ ቦታው የተቀመጠ ይመስላል። እውነቱ ይህ አይደለም። ፕሮግራሙ ከራስጌ የሚያነበው የመጀመሪያውን ትሬስ ርቀት ብቻ ነው፤ የተቀሩትን ዲ-2 በሚባለው ቋሚ ልዩነት እየጨመረ ይደረድራቸዋል።

ውጤቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። መቀበያዎች በየ1 ኪሎ ሜትሩ ተተክለው ሳለ ከ210 እስከ 222 ኪሎ ሜትር ባለው መካከል አንድም እንዳልመዘገበ እናስብ። በምስሉ ላይ ሁለቱ የዳር ትሬሶች ጎን ለጎን፣ በ1 ኪሎ ሜትር ልዩነት ይቆማሉ። ጊዜውን በ6 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ቀንሰን ከሣልን፣ በላይኛው ቅርፊት በዚያው ፍጥነት የሚጓዘው ሞገድ አግድም መስመር ስለሚሆን ጉድለቱ በእርሱ ላይ ጨርሶ አይታወቅም። በማንትል አናት በ8 ኪሎ ሜትር በሰከንድ የሚጓዘው ሞገድ ግን በ12 ኪሎ ሜትር ውስጥ በተቀነሰው ጊዜ 0.5 ሰከንድ ቀድሞ ይደርሳል፤ ይህም በምስሉ ላይ በአንድ ዓምድ ስፋት የሆነ ዝላይ ሆኖ ይታያል። ላይኛው ሞገድ ሳይናወጥ የታችኛው ብቻ በግማሽ ሰከንድ ሲዘል፣ በቅርፊቱ ግርጌ እርከን እንዳለ አድርጎ መተርጎም በጣም ቀላል ነው። ከጉድለቱ በኋላ ያለው ሁሉም በ11 ኪሎ ሜትር ወደ ፍንዳታው ተጠግቶ ይቀመጣል።

ዲ-2ን በአማካይ ልዩነት መተካት ችግሩን አይፈታውም፤ ያሰራጨዋል እንጂ። በአንድ የመስመሩ ክፍል እውነተኛው ልዩነት 1 ኪሎ ሜትር ሆኖ ዲ-2 1.1 ቢባል፣ ባልተቀነሰ ጊዜ በተሣለ ምስል ላይ 6.8 ኪሎ ሜትር በሰከንድ የነበረው የታችኛው ቅርፊት ፍጥነት 7.48 ሆኖ ይለካል። ይህ ተራ ስሕተት አይደለም። በኢግል ውጤቶች በሰሜን ምዕራቡ አምባ ሥር የተገኘውና ከቅርፊቱ በታች የተከማቸ የማግማ ንብርብር ተብሎ የተተረጎመው ፍጥነት 7.4 ገደማ ነው፤ ስለዚህ በዘንግ ምርጫ ብቻ የሌለ የማግማ ንብርብር ሊፈጠር ይችላል። በተቀነሰ ጊዜ ሲሣል ደግሞ ስሕተቱ አቅጣጫውን ይለውጣል። ሱሪዲውስ የተባለው ፕሮግራም ጊዜውን የሚቀንሰው በራስጌ በተጻፈው ትክክለኛ ርቀት ስለሆነ፣ የሚለጠጠው ቀሪው ተዳፋት ብቻ ነው፤ ያው 6.8 የነበረው ፍጥነት 6.72 ይሆናል። አንድን መረጃ ሁለት አጥኚዎች በሁለት አሣሣል ለክተው ተቃራኒ መደምደሚያ ላይ ቢደርሱ የሚገርም አይሆንም።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። አስቀድሞ በሱጌትኤችደብሊው የእያንዳንዱን ትሬስ ርቀት ከራስጌ አውጥቶ በተከታታይ ያሉትን መቀናነስ ይገባል፤ ልዩነቱ ቋሚ ካልሆነ ምስሉ ለመለኪያ አይሆንም ማለት ነው። ለመለኪያ ሱኤክስዊግቢን መጠቀም ይሻላል፤ ይህ በሚወዛወዝ መስመር የሚሥል ፕሮግራም የእያንዳንዱን ትሬስ ቦታ ከራስጌው ያነባል። ምስሉ የግድ ከሆነ የጂኤምቲ ስብስብ ሰግዋይቱጂአርዲ የተባለ ፕሮግራም አለው። እርሱ ትሬሶቹን በራስጌ ርቀታቸው በሠንጠረዥ ላይ ያስቀምጣል፤ ትሬስ ያልደረሰበትን ቦታም «ቁጥር የለም» በሚል ምልክት ይተወዋል። ሠንጠረዡ በጂአርዲኢሜጅ ሲሣል ጉድለቱ በተለየ ቀለም የተሞላ ቀጥ ያለ ባዶ ሰቅ ሆኖ ይወጣል። ምስሉ ያምራል ባይባልም በእኔ ግምት ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃው ይህኛው ነው።

ወደ ጂኤምቲ ሲዞሩ ግን የቁጥሩ ዓይነት መታየት አለበት። የሰግ-ዋይ የፋይል ቅርጽ በ1975 እ.ኤ.አ. ሲወጣ በአይቢኤም ተንሳፋፊ ቁጥር ላይ የተመሠረተ ነበር፤ የጂኤምቲ ፕሮግራሞች ደግሞ የአይትሪፕልኢ ቁጥር ይጠብቃሉ። የትኛው እንደሆነ በፋይሉ መግቢያ ላይ ተጽፏል፤ 1 አይቢኤም፣ 5 አይትሪፕልኢ ነው። በሴይስሚክ ዩኒክስ ሰግዋይሪድ ልወጣውን በነባሪነት ስለሚያደርግ ተጠቃሚው ጉዳዩን ላያውቀው ይችላል። ሳይለወጥ የተነበበ የአይቢኤም ቁጥር ምስሉን ቢያበላሸው መልካም ነበር፤ ወዲያው ይታወቅ ነበርና። ነገር ግን በሁለቱም ዓይነቶች የመደመርና የመቀነስ ምልክቱ በመጀመሪያው ቢት ላይ ስለሆነ፣ ትልቁም ቁጥር በአብዛኛው ትልቅ እንደሆነ ስለሚቀር፣ ደራሾቹ በጊዜያቸው ይታያሉ። የሚዛባው በመካከላቸው ያለው የአምፕሊቲውድ ንጽጽር ነው።

ስለ ጥራት አንድ ነገር ብቻ ማከል ይበቃል። በሰከንድ 100 ናሙና የተመዘገበ የ60 ሰከንድ ትሬስ 6000 ናሙናዎች አሉት፤ 1000 ፒክስል ቁመት ባለው ስክሪን ላይ ስድስት ናሙናዎች አንድ ፒክስል ይጋራሉ። የመጀመሪያውን ደራሽ ጊዜ ለመልቀም በሱዊንድ ከ10 ሰከንድ ያልበለጠ ክፍል ቆርጦ መሣል ያስፈልጋል። ከምስሉ ግርጌ በሚጻፈው መግለጫም የመቀነሻ ፍጥነቱ፣ የክሊፑ ቁጥር፣ የተደረገው ማጉላትና የርቀት ዘንጉ ከራስጌ መነበቡ ወይም በቋሚ ልዩነት መሠራቱ ቢገለጥ፣ ሌላ አጥኚ ምስሉን ከመረጃው እንደገና ሠርቶ ሊያመሳክረው ይችላል።