ስለ አገራችን ሰዓት አቈጣጠርና ስለ እርሻ ሥራ

የኢትዮጵያ ሕዝብ የቀኑን ሰዓት መቍጠር የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ፥ የሌሊቱንም ፀሐይ ስትገባ ነው። ስለዚህ የውጭ አገር ሰው ከጧቱ 7 ሰዓት የሚለውን ገበሬው 1 ሰዓት ይለዋል፤ የኹለቱም ልዩነት ዘወትር 6 ሰዓት ነው። ይህ አቈጣጠር የተስማማው አገሪቱ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ኾነች ነው፤ ይኸውም በአዲስ አበባ ረዥሙ ቀን ከ12 ሰዓት ተኩል ጥቂት ቢያልፍ፥ አጭሩ 11 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። በሰሜን አውሮፓ ግን እንዲህ ያለው አቈጣጠር ባልተመቸም ነበር።

ኾኖም የእጅ ሰዓትና ፀሐይ ፍጹም አንድ አይደሉም። የመንግሥቱ ሰዓት ከግሪንዊች በ3 ሰዓት የሚቀድም ኾኖ የተደነገገው በ45ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ መሥመር ነው፤ መሥመሩም የሚያልፈው በኦጋዴን በኩል ነው። ምድር 1 ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት፥ ከመሥመሩ ወደ ምዕራብ በተራቀ መጠን ፀሐይ ትዘገያለች፤ በአማካይ በአዲስ አበባ 25፥ በጋምቤላ 40 ደቂቃ ያህል። በአዲስ አበባ በግንቦት 12 ሰዓት ከ5 ገደማ የምትወጣው ፀሐይ፥ በጥር እስከ 12 ሰዓት ከ45 ድረስ ትቈያለች። እንግዲህ በጋምቤላ በጥር ወር «ሠራተኛ ኹሉ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይሰብሰብ» ብሎ ማዘዝ፥ ሰውን ፀሐይ ልትወጣ አንድ ሰዓት ያህል ሲቀራት በጨለማ መንገድ ማስኬድ ነው።

ገበሬው ይህን ያውቀዋል። ጎሕ ሲቀድ በሬውን ያወጣል፤ ፀሐይ ስትበረታ ይፈታል። ካህናትም የጾሙን ሰዓት ጥላቸውን በጫማ እየለኩ ያውቁት ነበር።

ትልቁ ጕዳት የሚደርሰው በጽሕፈት ላይ ነው። የከብት ክትባት በ9 ሰዓት ነው ተብሎ በውጭ አገር አቈጣጠር ቢጻፍ፥ ሐኪሙ ረፋድ 3 ሰዓት ይደርሳል፤ ባላገሩ ግን ለተሲያት የተቀጠረ መስሎት ከብቱን ለግጦሽ ያሰማራል። ሐኪሙ ሲጠብቅ ከቅዝቃዜ የወጣው መድኃኒት በሙቀት ይበላሻል፤ ከብቱም ሳይከተብ በሽታው ይቀድመዋል። የሌሊቱ ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ባላገሩ «ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» የሚለው፥ በውጭ አገር አቈጣጠር ረቡዕ ገብቶ 2 ሰዓት ነው። «ለረቡዕ አጥቢያ» የሚለው የአገር ቃል ግን አያሳስትም።

ስለዚህ ሹማምንት ለሕዝብ በሚያስነግሩት ቀጠሮ ከቍጥሩ ጋራ «ረፋድ»፥ «ተሲያት»፥ «አጥቢያ» የሚለውን ቃል አብረው ያስጽፉ፤ ከውጭ አገር ሰው ጋራ በሚጻጻፉበትም ጊዜ ኹለቱንም ሰዓት ጐን ለጐን ያኑሩ።