የውህደት ሕጎች፦ ከጠጅ ጋን እስከ ያዩ ድንጋይ ከሰል

ንጥረ ነገሮች ሲዋሃዱ በዘፈቀደ አይደለም፤ በሚዛን ነው። ይህን ሚዛን ከሚገልጹት ሕጎች አራቱን እናያለን። ተማሪዎች አብዛኞቹን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ያገኟቸዋል። እስከ ስምንተኛ ክፍል በኦሮምኛ ሲማር ለቆየ የኢሉባቦር ልጅ፣ ለመቱ ወይም ለጎሬ ተማሪ፣ በእንግሊዝኛ ስለሚቀርቡለት፣ ብዙ ጊዜ ሳይገቡት በቃል ይይዛቸዋል። ሕጎቹ የሚናገሩት ነገር ግን ከቤቱ ብዙም አይርቅም።

የመጀመሪያው የመጠነ ቁስ ጥበቃ ሕግ ነው። በኬሚካዊ ለውጥ ውስጥ የገባው ነገር ሁሉ ክብደት ከወጣው ነገር ሁሉ ክብደት ጋር እኩል ነው ይላል። የኢሉባቦር የጫካ ማር በውሃ ተበጥብጦ፣ ጌሾ ታክሎበት ሲከደን በጥቂት ቀናት ውስጥ መፍላት ይጀምራል። አማርኛ እሳት ላይ ለተጣደ ውሃም ለጠጅም «ፈላ» ይላል፤ ሁለቱም አረፋ ያወጣሉና። የውሃው አረፋ እንፋሎት፣ ማለትም ያው ውሃ ነው። የጠጁ አረፋ ግን ከማሩ ስኳር የተገኘ አዲስ ነገር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እርሾው 180 ግራም ግሉኮስ ሲያፈላ 92 ግራም አልኮልና 88 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ሁለቱ ሲደመሩ 180። ከፈላው ስኳር ግማሽ ያህሉ ወደ አየር ይሄዳል ማለት ነው። ጋኑ ጠጁ ሲጣልና ከፈላ በኋላ ቢመዘን ቀልሎ ይገኛል፤ ሕጉ የፈረሰ ይመስላል። አልፈረሰም፤ ያመለጠው ጋዝ ሳይመዘን ቀርቶ ነው። ጠጅ ገና እየፈላ በጠርሙስ ታሽጎ ጠርሙሱ የሚፈነዳውም መውጫ ባጣው በዚያው ጋዝ ነው።

ጠጅ እዚህ የተጠቀሰው ለማሳመር አይደለም። ፈረንሳዊው አንትዋን ላቯዚዬ እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው የኬሚስትሪ መጽሐፍ ሕጉን በግልጽ ያሰፈረው ስለ ወይን ጠጅ መፍላት በጻፈው ምዕራፍ ውስጥ ነው። የገባውን ስኳር፣ ውሃና እርሾ፣ የወጣውንም ጋዝ ሁሉ በሚዛን ለመቁጠር ሞክሯል።

ሁለተኛው የቋሚ ምጣኔ ሕግ ነው። አንድ ውህድ ከየትም ቢመጣ፣ በማንም ቢሠራ፣ ንጥረ ነገሮቹ በክብደት ያላቸው ምጣኔ አይለወጥም። ስፔን ውስጥ ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊ ጆሴፍ ፕሩስት እ.ኤ.አ. በ1799 ከመሬት የተገኘ የመዳብ ካርቦኔትንና ራሱ በቤተ ሙከራ የሠራውን አነጻጽሮ ምጣኔያቸው አንድ መሆኑን አሳየ። የዘመኑ ታላቅ ኬሚስት ክሎድ በርቶሌ ምጣኔው ሊለዋወጥ ይችላል ብሎ ለዓመታት ተከራከረው። ክርክሩን ፕሩስት ረታ። በርቶሌም ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ አንዳንድ የብረት ኦክሳይዶችን የመሰሉ ጠጣር ነገሮች ምጣኔያቸው በጥቂቱ ሲዋዥቅ በኋላ ተገኝቷል።

ገበሬው ይህን ሕግ በከረጢት ተሸክሞት ይሄዳል። በዩሪያ ከረጢት ላይ የሚታተመው 46 ቁጥር ከመቶው 46 እጁ ናይትሮጅን መሆኑን ያመለክታል፤ በ50 ኪሎ ከረጢት ውስጥ 23 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ቁጥሩን የወሰነው ነጋዴው ወይም ፋብሪካው አይደለም። በ60 ግራም ንጹሕ ዩሪያ ውስጥ ምንጊዜም 28 ግራም ናይትሮጅን፣ 16 ግራም ኦክስጅን፣ 12 ግራም ካርቦንና 4 ግራም ሃይድሮጅን ይገኛል። ከብቶች ከሽንታቸው ጋር በረት ውስጥ የሚያፈሱት ዩሪያም ከዚህ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ1828 ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቮለር ያለ ኩላሊት ዩሪያ ሲሠራ ያገኘው ያንኑ ነው። ጠጅ ግን ለዚህ ሕግ አይገዛም፤ ውህድ ሳይሆን ድብልቅ ነውና። የአንዱ ቤት ጠጅ የሚጣፍጠው፣ የሌላው የሚከብደው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው የብዜት ምጣኔ ሕግ ተማሪን በጣም የሚያደናግረው ነው። ሁለት ንጥረ ነገሮች ከአንድ በላይ ውህድ ሲሠሩ፣ የአንደኛው ክብደት እኩል ሆኖ ሲያዝ፣ የሁለተኛው ክብደቶች እርስ በርስ በትናንሽ ሙሉ ቁጥሮች ይወዳደራሉ። መቱ ዙሪያ ቄጠማ የሚታጨድባቸው ጨፌዎች አሉ። የጨፌ ጭቃ በእንጨት ሲቆሰቆስ የሚወጣው አረፋ ውስጥ ሜቴን አለ። እንግሊዛዊው ጆን ዳልተንም እ.ኤ.አ. በ1804 ከረግረግ ጭቃ ይህንኑ ጋዝ እየሰበሰበ መርምሯል፤ ያነጻጸረውም ኤቲሊን ከተባለው ጋዝ ጋር ነው። ኤቲሊንም እንግዳ አይደለም፤ የበሰለ ሙዝ አጠገቡ ያለውን ጥሬ ሙዝ የሚያበስለው በዚህ ጋዝ ነው። ሁለቱም ካርቦንና ሃይድሮጅን ብቻ ናቸው። ከ12 ግራም ካርቦን ጋር በሜቴን ውስጥ 4 ግራም፣ በኤቲሊን ውስጥ 2 ግራም ሃይድሮጅን ይገኛል፤ 2 ለ1። ለዳልተን ይህ ቁስ አካል በማይከፈሉ ቅንጣቶች፣ በአተሞች፣ መሠራቱን የሚደግፍ ነበር፤ አንድ አተም ወይም ሁለት ይጨመራል እንጂ ግማሽ አተም አይጨመርም።

የክረምቱ ዝናብ ሲበረታ ቤት ውስጥ የሚቀጣጠለው ከሰልም ይህንኑ ያሳያል። በቂ አየር ካገኘ 12 ግራም ካርቦን ከ32 ግራም ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። በሩና መስኮቱ ተዘግቶ አየር ሲያጥረው ግን ከፊሉ ከ16 ግራም ጋር ብቻ ተዋህዶ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። ከሰል አንድዶ ዘግቶ መተኛት ፈጽሞ አይገባም።

አራተኛው በጋዞች ብቻ የሚሠራ ነው። ፈረንሳዊው ጌይ-ሉሳክ እ.ኤ.አ. በ1808 እንዳሳወቀው፣ ሙቀትና ግፊት እኩል ሲሆኑ ጋዞች የሚዋሃዱት በይዘት በትናንሽ ሙሉ ቁጥሮች ነው። አንድ ሊትር ናይትሮጅን ከሦስት ሊትር ሃይድሮጅን ጋር ተዋህዶ ሁለት ሊትር አሞኒያ ይሰጣል። አራት ገብቶ ሁለት ሲወጣ የመጀመሪያው ሕግ የተጣሰ ሊመስል ይችላል፤ የቀነሰው ግን ይዘቱ እንጂ ክብደቱ አይደለም፤ 28 ግራም ናይትሮጅንና 6 ግራም ሃይድሮጅን 34 ግራም አሞኒያ ይሆናሉ። ምክንያቱን ጣሊያናዊው አሜዴዮ አቮጋድሮ እ.ኤ.አ. በ1811 አቀረበ፦ ሙቀትና ግፊት እኩል ሲሆኑ፣ እኩል ይዘት ያላቸው ጋዞች እኩል ቁጥር ያላቸው ሞለኪውሎች ይይዛሉ። ሰሚ ለማግኘት ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ፈጀበት።

ዩሪያ የሚሠራው ከዚህ አሞኒያና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በኢሉባቦር፣ ያዩ ላይ ሊሠራ በተጀመረው የዩሪያ ፋብሪካ የታሰበውም ይኸው ነበር፤ ሃይድሮጅኑ ከድንጋይ ከሰልና ከውሃ እንፋሎት፣ ናይትሮጅኑ ከአየር ሊገኝ። የፋብሪካው ግንባታ ሳይጠናቀቅ ቆሟል፤ የኢሉባቦር ገበሬ ለበቆሎው የሚጠቀምበት ዩሪያ ከውጭ አገር ተገዝቶ በጅቡቲ ወደብ በኩል ሲገባ ቆይቷል።