ያየችውን ሴት ማን ጠየቃት?

በመርጡለ ማርያም ከተማ፣ በአንድ ቤት በረንዳ ላይ፣ አያት ጥጥ ይፈትላሉ። ለዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ የመጣች የልጅ ልጃቸው ደግሞ አጠገባቸው ተቀምጣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ መጽሐፍ ታነባለች። መጽሐፉ ጎርደን በርን የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ በ1976 ዓ.ም. ገደማ ያሳተመው ነው። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የአንዷ ባል፣ የአንዷ ልጅ» እንደ ማለት ይሆናል።

«ስለ ምን ይላል?» አሉ አያት።

«አሥራ ሦስት ሴቶች ስለ ገደለ ሰው ነው፣ እማማ።»

አያት እንዝርቱን አቆሙ። «አሥራ ሦስት እስኪሞላ ሰዎቹ ምን ሲሠሩ ነበር?»

የዚህ ዓምድ አዘጋጅ ስለ ተከታታይ ገዳዮች የተጻፉ መጻሕፍት እጅግ እየበዙ መምጣታቸውን ስትመለከት ቆይታለች። ብዙዎቹ የገዳዩን አስተዳደግና ጠባይ ለመተንተን መቶ ገጽ ሲያወጡ ለሟቾቹ አንድ አንቀጽ ይሰጣሉ። የአያት ጥያቄ ግን ከነዚህ ትንተናዎች ሁሉ ይልቃል።

ፒተር ሰትክሊፍ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። በሰሜን እንግሊዝ ከ1968 እስከ 1973 ዓ.ም. 13 ሴቶች ገድሏል። ፖሊሶች በዚህ ጊዜ ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ጠይቀውታል። ሚስቱ ማታ ቤት ነበር አለች፤ ተቀበሉ። መረጃው በእጅ በሚጻፉ ካርዶች ላይ ተከምሮ ስለ ነበር አንዱ መርማሪ ሌላው የጻፈውን አያገኝም ነበር። በ1971 ዓ.ም. አንድ አታላይ «ገዳዩ እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ በካሴት ቀርጾ ላከ። መርማሪዎቹም የአነጋገሩ ዘዬ የሰንደርላንድ ነው ብለው ያን ዘዬ የሌለውን ሁሉ ወደ ጎን ተዉ። ከገዳዩ እጅ ያመለጡ ሴቶች ግን የሰማነው የዮርክሻየር አነጋገር ነው ብለው ነበር። የካሴቱ አታላይ የተፈረደበት በ1998 ዓ.ም. ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት፣ በነሐሴ 1967 ዓ.ም.፣ ይኸው ሰው አንዲት የ14 ዓመት ልጅ በመዶሻ መትቶ ነበር። ልጅቱ ተረፈች፤ መልኩንም በትክክል አስረዳች፤ በቃሏ መሠረት ሥዕል ተሠራ። ያኔ ከአሥራ ሦስቱ አንዷም አልሞተችም። ኋላ ግን መርማሪዎቹ ገዳዩ የሚያሳድደው ሴተኛ አዳሪዎችን ብቻ ነው ብለው ስለ ወሰኑ የተማሪዋ ጉዳይ ከመዝገቡ ጋር ሳይያያዝ ቀረ። ሰትክሊፍ የተያዘው በታኅሣሥ 1973 ዓ.ም. ሐሰተኛ ሰሌዳ በለጠፈ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሲገኝ ነው።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ከመርጡለ ማርያም፣ ከብቸና ወይም ከሞጣ ልጁን ለትምህርት ወደ ደብረ ማርቆስ ሰድዶ የነበረ ቤተሰብ ግን እንዲህ አይልም። በ1970 ዓ.ም. ክረምት በደብረ ማርቆስ 75 እስረኞች፣ አብዛኞቹ ወጣቶች፣ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተገደሉ። በእርግጥ ይህ በማኅተምና በፊርማ የተፈጸመ እንጂ ጨለማ ተገን አድርጎ እንደሚገድለው ሰው ሥራ አይደለም። ፍትሑ የዘገየበት መንገድ ግን ይመሳሰላል። በጎጃም የደርግ ተወካይ የነበረው እሸቱ ዓለሙ ወደ ኔዘርላንድ ሄዶ ዜግነት አግኝቶ ሲኖር የተያዘው በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ከ37 ዓመት በኋላ ነው። በክሱ ላይ 321 ተጎጂዎች በስም ተጠቅሰዋል። እርሱ ቢክድም በሄግ የተሰየመው ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 6 ቀን 2010 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደበት፤ ይግባኝ ሰሚውም በሰኔ 2014 ዓ.ም. አጸናው።

ሌላም አለ። በአዲስ አበባ የከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር የነበረው ቀልቤሳ ነገዎ በአሜሪካ፣ አትላንታ ከተማ፣ በአንድ ሆቴል የእንግዶች ሻንጣ ተሸካሚ ሆኖ ይሠራ ነበር። በዚያው ሆቴል አስተናጋጅ የነበረችው እጅጋየሁ ታዬ አየችው። ያሰቃያት ሰው ነበር። መርማሪ አልፈለገውም፤ ያገኘችው እርሷ ናት። ከኤልሳቤጥ ደምሴና ከሂሩት አበበ ጅሪ ጋር ሆና ከሰሰችው፤ በ1985 ዓ.ም. ሦስቱ ሴቶች እያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር ተፈረደላቸው። እርሱ ግን ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ዜግነት አገኘ! ዜግነቱ ተገፎ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው በ1999 ዓ.ም. ነው። በሌለበት የተፈረደበት የዕድሜ ልክ እስራት ይጠብቀው ነበር።

ወደ በረንዳው እንመለስ። የልጅ ልጅ ነገሩን ሁሉ ተረከችላቸው። አያት ስለ ሾፌሩ አልጠየቁም።

«ያቺ የ14 ዓመቷ ልጅስ? መጥተው ‹ልክ ነበርሽ› አሏት?»

ሰትክሊፍ ያቺን ልጅ የመታት እርሱ መሆኑን ያመነው ከ17 ዓመት ያህል በኋላ ነው።

«አንቺ» አሉ አያት፣ «ያን ጊዜ እኮ የ31 ዓመት ሴት ሆናለች።» እንዝርታቸውንም አነሡ።